የሐሙሱ ኪኒን

አባቴ ስለ ሽንት ማውራት የሚያፍር ሰው ነበር። ይህን ያነሳሁት ለማሳቅ አይደለም፤ የቤታችን መከራ መነሻው ይኸው ስለሆነ ነው። ስለ ሞት ያወራል፣ ስለ ረሃብ ያወራል። በደርግ ጊዜ ከወሎ ተጭኖ አሶሳ እንዴት እንደደረሰ፣ የመጀመሪያው ክረምት ላይ ወባ ስንቱን ሰፋሪ እንደጨረሰ እየቀለደ ያወራል። "ሽንቴ መጣ" ማለት ግን ሞቱ ነው። ሰው ፊት ተቀምጦ ሲቸግረው "እስኪ ከብቶቹን ልይ" ብሎ ይነሳል። ከብቶቹን ከሸጥናቸው ብዙ ዘመን ሆኖናል።

የምንኖረው ከአሶሳ በባጃጅ ብዙም በማይርቅ፣ እስከ ዛሬ በቁጥር በሚጠራ የሰፋሪዎች መንደር ነው። እኔ እዚሁ ተወለድኩ፤ ከተማ ውስጥ አንደኛ ደረጃ አስተምራለሁ። አግብቼ ነበር፣ አልሆነም፣ ተመለስኩ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ቤቱ የአባቴና የእኔ ብቻ ሆነ። ሁለታችንም ቁጡዎች ነን። ጎረቤት ጩኸታችንን ሲሰማ "ተጣሉ" አይልም፣ "ምሳ ቀረበ" ነው የሚለው።

አባቴ የመንደሩ መንዙማ አውጪ ነው። ነበር ማለት አለብኝ መሰለኝ። ከወሎ ሲመጣ ከለበሰው ልብስ ሌላ ይዞት የመጣው ንብረት ቢኖር በልጅነቱ ከሼኹ የተማረው መንዙማ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከአሱር ሶላት በኋላ የመንደሩ አባቶች ግቢያችን፣ ማንጎው ሥር ይሰበሰባሉ። ጫት ይቀርባል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ከዚያ የአባቴ የልብ ጓደኛ ድቤ ከበሮውን ጉልበቱ ላይ ያስቀምጣል። አባቴ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ድምፁ የሚያምር ድምፅ አይደለም፤ የስንኙ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ትንሽ ይሰነጠቃል። ሰው የሚያለቅሰው ግን እዚያች ስንጥቅ ላይ ነው። እኔ ራሴ፣ ስንት ነገር የማያስለቅሰኝ ሴት፣ ወጥ ቤት ሆኜ እዚያች ላይ ሲደርስ የያዝኩትን አስቀምጣለሁ።

አንድ ሕግ ነበረው። ያለ ውዱእ፣ ለሶላት እንደሚታጠበው ሳይታጠብ፣ የነቢዩን ስም በዜማ አያነሳም። ሼኹ እንዲህ ብለው ነው ያስተማሩት። ሽንት ውዱእን ያፈርሳል፤ ከፈረሰ ደግሞ እንደገና ታጥቦ ነው የሚጀምረው። ጓደኛው ብዙ ጊዜ ተከራክሮታል። "ሶላት አይደለም እኮ፣ ያለ ውዱእ ማዜም የከለከለ የለም" ይለዋል።

"አልተከለከለም፤ እኔ ግን አላደርገውም" ይላል አባቴ። ነገሩ እዚያ ላይ ያልቃል።

የደም ግፊቱ የተገኘው ለዓይኑ ብሎ በሄደበት ሐኪም ቤት ነው። ክንዱ ላይ ጨርቁን አስረው ለኩት፣ እንደገና ለኩት፣ ከዚያ ለዓይን የመጣው ሰውዬ ዓይኑ ተረሳና ሌላ ክፍል ገባ። ያገኘችን ዶክተር ወጣት ናት፣ ከደጋ አገር የመጣች፣ ቀስ ብላ የምትናገር። "አባቴ፣ ራስዎን አያምዎትም?" ስትለው "ምንም አያመኝ" አላት። እውነቱን ነው፣ አያመውም ነበር። የዚህ በሽታ ክፋቱ ይኼ ነው። ወባ እንኳ አንቀጥቅጦ ይናገራል፤ ይኼኛው አፉን ዘግቶ ቤት ውስጥ ይቀመጣል።

የመጀመሪያው መድኃኒት የሽንት ኪኒን ነበር። ከሰውነት ጨውና ውሃ በሽንት እያስወጣ ግፊቱን የሚቀንስ መሆኑን ዶክተሯ አስረዳችን። ሌላም ዓይነት አለ፣ የደም ሥር የሚያላላ አለ፣ ነገር ግን በእርስዎ ዕድሜ ላለ ሰው ይኼ ጥሩ ይሠራል፣ ዋጋውም አይከብድም፣ ከፋርማሲም አይጠፋም አለችው። "በየቀኑ ጠዋት ጠዋት ይዋጡት።" አባቴ አንገቱን ነቀነቀ። "ሽንት" የሚለውን ቃል ከሴት ልጅ አፍ ከሰማ በኋላ የተናገረችውን የሰማ አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት አይከብድም። ቀኑን ሙሉ "ከብቶቹን ልይ" ሆነ። መጀመሪያ ላይ ሳቅኩበት፤ "አባ፣ ከብቶቹ ወለዱ ወይ?" እያልኩ። ሐሙስ ሲደርስ ሳቁ ቆመ። አባቶች ተሰብስበው፣ ድቤው እየተመታ፣ አባቴ ገና ሞቅ እያለ ሳለ ተነሳ። ታጥቦ ተመለሰ። ጥቂት ስንኝ እንዳወጣ እንደገና ተነሳ። ሦስተኛ ሲነሳ ተቀባዮቹ እርስ በርስ ተያዩ፣ ጓደኛው ድቤውን በመዳፉ ዳበስ ዳበስ እያደረገ ጠበቀው። ከውሃው ጀሪካን አጠገብ ጎንበስ ብሎ እጁን ሲያጥብ በወጥ ቤቱ በር አየሁት፤ ፊቱ የተሰረቀ ሰው ፊት ነበር። ተመልሶ ሲቀመጥ ሌላ ሰው ማውጣት ጀምሮ ነበር። አባቴ የዚያን ቀን ተቀባይ ሆኖ ዋለ።

ከዚያ ወዲያ ሐሙስ ኪኒኑን አይውጥም። ቀጥሎ ረቡዕም ተጨመረ፣ ከሰውነቱ ጠርጎ እንዲወጣ ነው አለ። ዓርብ ደግሞ ጁምዓ ነው፣ ኢማሙ ኹጥባ እየሰበኩ መሐል ላይ መነሳት ነውር ነው ተባለ። እኔ ምን ልበል? ብናገር ቁጣ፣ ዝም ብል ሐጢያት። ተናገርኩ። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

በቀጠሮው ቀን ግፊቱ እንደነበረው ነው። ዶክተሯ "በደንብ እየወሰዱ ነው አባቴ?" አለችው። "እየወሰድኩ ነው ልጄ፣ አላህ ይስጥሽ" አላት ዓይኑን ሳያሽ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ የእኛ ሰውዬ መድኃኒቱን ይዞ በሽታውን ይደብቃል! አላስቻለኝምና "ሽንቱ ስላስቸገረው እያቋረጠ ነው" ብዬ ተናገርኩ። የሐሙሱን ነገር ግን አላነሳሁም፤ እዚያ ድረስ ብሄድ ክፍሉን ጥሎ ይወጣ ነበር።

ዶክተሯ አልተቆጣችም። ወንበሯን ወደሱ አስጠግታ ነገረችው። "ይኼ የሽንቱ ነገር መጀመሪያ ላይ ነው የሚበዛው። ሳያቋርጡ ከወሰዱት ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሰውነትዎ ይለምደዋል፣ ምልልሱ ይቀንሳል፤ ግፊቱን ማውረዱ ግን ይቀጥላል። እያቋረጡ ሲጀምሩት ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይሆንብዎታል።" ይህን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። መታገሥ የነበረበት ጥቂት ሳምንት ብቻ ነበር። አባቴ ግን በየሳምንቱ ቅዳሜ እንደ አዲስ እየጀመረ፣ በየሳምንቱ የመጀመሪያውን ቀን መከራ እየተቀበለ፣ ለምዶ የሚያርፍበት ቀን አንድም ጊዜ ሳይደርስ ቀረ።

"ቀይሩልኝ" አለ። ተቀየረለት። ከባጃጁ ስንወርድ "ሸንጎ ላይ አቆምሽኝ" አለኝ።

ሁለተኛው ኢናላፕሪል የሚባል ነው። ሽንት የለም፣ ምልልስ የለም። አባቴ ደስ ብሎት ጎረቤት ሁሉ ስሙን እስኪያውቀው ድረስ አመሰገነው። ከዚያ ሳል ጀመረው። አክታ የለውም፣ ጉንፋን አይደለም፤ ጉሮሮው ላይ ገለባ የቀረ ይመስል ደረቅ ሳል ነው። ቀን ይታገሠዋል። ሐሙስ ሲመጣ ግን ስንኙ መሐል ላይ፣ በተለይ እዚያች መጨረሻዋ ላይ ሲደርስ ይይዘዋል። ሰው የሚያለቅስባት ቦታ ላይ ሰው ውሃ የሚያቀብልበት ሆነ። ከድጡ ወደ ማጡ። ዶክተሯ ሳሉን ስትሰማ ወዲያው አወቀችው፤ ኪኒኑ በአንዳንድ ሰው ላይ የሚያመጣው ነው አለች፣ ከተወው ይጠፋል።

ሦስተኛው አምሎዲፒን ነው። እሱ እግር ያሳብጣል። ማታ ማታ ቁርጭምጭሚቱን ሲጫነው የጣቱ ጉድጓድ እዚያው ይቀራል፤ ጫማው አልገባ ብሎት በሸበጥ ይሄዳል፤ ማንጎው ሥር ሲቀመጥ እግሩን እንደ ድሮው ማጠፍ አቅቶት ዘርግቶ ይቀመጣል። አባቴ ግን ቅንጣት አላማረረም። "እግር ምን ያደርግልኛል፣ በእግሬ አላዜም" አለ። ድምፁም ውዱኡም ተመለሱለት። ዶክተሯ ግፊቱ የሚፈለገውን ያህል አልወረደም፣ ከሽንቱ ኪኒን ጋር ሁለቱን አብረን እንስጥዎት ስትለው "ይኼ ይበቃኛል" አላት። ያ ጊዜ የቤታችን ደህና ጊዜ ነበር። አጭር ነበር።

መንገድ ተዘጋ። ያን ሰሞን እዚህ የነበረ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከመሐል አገር የሚመጣው ሁሉ ቀረ፣ ስኳሩም ዘይቱም መድኃኒቱም። አምሎዲፒን ከአሶሳ ፋርማሲዎች አንድ በአንድ ጠፋ። ከሥራ ስወጣ እየዞርኩ እጠይቃለሁ፤ "የለም እህት" ይሉኛል። የሽንቱ ኪኒን ግን ነበር። ዶክተሯ እንዳለችውም አልጠፋም። "ለጊዜው ይኼን ይዋጡ፣ ባዶ ከመሆን ይሻላል" ብላ ጻፈችለት። አባቴ ተቀበለ፤ ረቡዕን፣ ሐሙስን፣ ዓርብን ደግሞ እንደ ድሮው አስቀረ።

ጎረቤታችን የሆኑት የበርታ ተወላጅ እናት በዚህ ጊዜ ካርካዴ ማምጣት ጀመሩ። ዘመዶቻቸው ሱዳን ድንበር ላይ፣ ኩርሙክ በኩል ናቸው፤ ቀዩን አበባ በቋጠሮ ያመጡላቸዋል። በጆግ ቀዝቅዞ ሲመጣ አባቴ በደስታ ይጠጣዋል። "አባት፣ ካርካዴ ጠጣ፣ ደም ይወርዳል" ይሉታል፤ ወደ እኔ ዞረው ደግሞ ወንድና ሴት በማይለየው አማርኛቸው፣ "ልጅ፣ አንተ አትቆጣ፣ ሽማግሌ ነው። ግን ደዋ አይተው። ካርካዴ ካርካዴ ነው፣ ደዋ ደዋ ነው።" መድኃኒቱን ማለታቸው ነው። አባቴ የሰማው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ካርካዴውም ከብቶቹን ያሳየው ስለነበር ሐሙስ ሐሙስ እሱንም አስቀረ።

መውሊድ ደረሰ። ባምባሲ ያሉ የወሎ ሰዎች በዓሉን አብረን እናክብር፣ አንተ ታወጣልናለህ ብለው ላኩበት። ይህ ለአባቴ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብደኛል። ከእነሱ አንዳንዶቹ ከአባቴ ጋር በአንድ መኪና ተጭነው የመጡ ናቸው፤ ሼኹን የሚያውቁ የመጨረሻዎቹ ሰዎች ናቸው። ገና ሳምንት ሲቀረው ኪኒኑን ጨርሶ ተወው። መንገዱ አለ፣ መኪናው አለ፣ ሰው ፊት መነሳት አለ። ለመንገዱ ካልሲ ሲያጥብ አግኝቼው ተጣላን፤ ከእኛም ልማድ ያለፈ ጠብ ነበር።

"ትሞታለህ!" አልኩት። "ሳትታመም፣ ምንም ሳያምህ፣ ዝም ብለህ ትወድቃለህ!"

"አንቺ ልጅ፣ አፌን ዘግተሽ ነው ወይ የምታኖሪኝ? ያ ጀሊሉ! ሰባት ጊዜ እየተነሳሁ ነው ወይ የነቢዩን ስም የማነሳው?"

"ሁለት ቀን እንኳ ውጥ።"

"አብሽሪ" አለኝ በመጨረሻ። ወሎዬ አይዞሽ ለማለት ይህን ነው የሚለው፤ አባቴ ደግሞ ነገር ለመዝጋት ይጠቀምበታል። ካልሲውን አጥብቆ ጨምቆ ገመዱ ላይ ሰቀለ።

እኔ አልሄድኩም፤ ፈተና ላይ ነበርን። የሆነውን የነገረኝ ጓደኛው ነው። እንደዚያ ቀን አዚሞ አያውቅም አለኝ። ሽማግሌ የሆኑ ሰዎች እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ፣ ተቀባዩ ደከመ፣ እሱ አልደከመም። በማግስቱ ጠዋት ለመንገድ ሲነሱ አባቴ ጫማውን ለማንሳት ጎንበስ አለ። እጁ ጫማውን አልያዘም። ደግሞ ሞከረ። ጓደኛው "ምን ሆንክ?" ሲለው ቀና አለ፤ አፉ ወደ አንድ ጎን ሄዷል። ከባምባሲ አሶሳ ድረስ ጓደኛው ጭንቅላቱን ጭኑ ላይ አድርጎ አመጣው።

ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሷል አሉን። ነፍሱ ተረፈች። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ግን አልተመለሱም፤ ቋንቋውም ሄደ። "ውሃ" ማለት አይችልም። ስሜን አያውቀውም፣ ወይም ያውቀዋል፣ አይወጣለትም። ሁሉ ሲጠፋ አንድ ቃል ቀረው፤ "አብሽር።" ሲርበው አብሽር ነው፣ ሲያመው አብሽር ነው፣ ቤት ለሚገባው አብሽር፣ ለሚወጣው አብሽር። የመጀመሪያውን ሰሞን በየጊዜው ወጥ ቤት እየገባሁ አለቅስ ነበር። ይህ ሁሉ ቃል እያለ እኔን የዘጋበት ቃል ቀረልኝ።

ሽንቱንም መያዝ አቃተው። ያንን ነውር አድርጎ የኖረውን ነገር አሁን እኔ፣ ሴት ልጁ፣ አነሳለሁ፣ አጥባለሁ፣ አንሶላ እቀይራለሁ። ጓደኛው ለስላሳ ድንጋይ አምጥቶ አጠገቡ አስቀመጠለት፤ በውሃ ውዱእ ማድረግ ላቃተው ሰው በድንጋይ መዳበስ ይፈቀዳል። "ሽንቱን መያዝ ያልቻለ ሰው ዑዝር አለው፣ ምክንያቱ ይያዝለታል፣ ለየሶላቱ አንድ ጊዜ መዳበስ ይበቃሃል፣ አላህ ያውቃል" እያለ አስረዳው። አባቴ ለሶላት ተቀበለው። በግራ እጁ ድንጋዩን ይዳብሳል፣ ፊቱን ያብሳል፣ በዓይኑ ይሰግዳል። ስለ መንዙማ ያሰበ ሰው አልነበረም፤ የሚያዜም ቋንቋ የለውማ።

መንገዱ ተከፍቶ አምሎዲፒን ተመልሶ መጣ። እኔ የዶክተሯ ክፍል ገብቼ አሁን ደግሞ እኔ በአባቴ ቦታ ሆኜ ተከራከርኩ። የሽንቱ ይቅርልን፣ ሰውዬው ቀኑን ሙሉ እርጥብ ነው አልኳት። እሺ ብላ አምሎዲፒን ብቻውን ሞከረች፤ ግፊቱ ወጣ። ኢናላፕሪል እንዳትጨምር ሳሉ አለ፤ አሁን ምራቁን እንኳ በደንብ የማይውጥ ሰው ደረቅ ሳል ቢይዘው ትን ብሎት ይሄዳል። ስለዚህ ሁለቱ አብረው፣ አምሎዲፒኑና የሽንቱ። "የሽንቱ መፍሰስ ደግሞ" አለችኝ፣ "ከእንግዲህ የኪኒኑ ብቻ አይደለም። ባይወስደውም ይፈሳል። የጎዳው ጭንቅላቱ ነው።" ይህን እኔ አውቄዋለሁ። አባቴን ማን ያሳውቀው?

ሐሙሱ ወደ ጓደኛው ግቢ ተዛወረ፤ ከአጥራችን ማዶ ነው። አንድ ሐሙስ የፈተና ወረቀት እያረምኩ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ድቤው ሲጀምር ሰማሁ። ከዚያ ድምፁን ሰማሁ። መጀመሪያ ከአጥሩ ማዶ መሰለኝ። የስንኙ መጨረሻ ላይ ተሰነጠቀ። ወረቀቱ ከጭኔ ወደቀ።

ከቤት ውስጥ ነበር። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ትራሱን ተደግፎ፣ ቃሉን አንድም ሳያጎድል ያወጣል። "ውሃ" ማለት ያቃተው ሰውዬ! የበርታዋ እናት ጆጋቸውን እንደያዙ ከኋላዬ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ፤ "ሱብሃን አላህ" አሉና እንባቸው ወረደ። እኔ መንቀሳቀስ ፈራሁ። ከማዶ ያሉት ሰምተው ኖሮ ድቤው ዝግ አለ፣ ተቀባዮቹ በአጥሩ ላይ ተቀበሉት። እንደገና አወጣ፣ እንደገና ተቀበሉት። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ደስ ያለኝ ጊዜ የለም።

ከዚያ ግራ እጁ አንሶላው ላይ ሄደ። ዳበሰው። ስንኙን መሐል ላይ ተወው፣ ዓይኑን ገልጦ አየኝ፣ ከንፈሩን ገጠመ። ወዲያው ገባኝ፤ አንሶላው ርሷል፣ ውዱኡ ፈርሷል።

"አባ፣ ግድ የለም! ዑዝር አለህ፣ ይፈቀዳል፣ ቀጥል!" ብዬ ጮህኩ። ጓደኛው ድቤውን እንደያዘ በአጥሩ ቀዳዳ ገብቶ መጣ፣ ለመነው፣ እጁን ሳመው። ተቀባዮቹ ከማዶ ቆመው ይጠብቃሉ።

"አብሽር" አለ አባቴ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ። አልተከለከለም፤ እሱ ግን አያደርገውም።

ለዶክተሯ ስነግራት ደስታዋ ከእኔ አያንስም። ዜማ ጭንቅላት ውስጥ ከንግግር ሌላ ቦታ አለው፣ ንግግሩ የጠፋበት ሰው ሲያዜም ይገኛል አለችኝ። በየቀኑ ያዚም፣ ዜማው ንግግሩን አንድ አንድ ቃል እየጎተተ ሊያመጣለት ይችላል። ያኔ ነገርኳት፤ ስለ ሐሙሱ፣ ስለ ውዱኡ፣ ሁሉንም። "ለሐሙስ ብቻ ባስቀርለትስ?" አልኳት። ከአፌ ከመውጣቱ የማን ቃል እንደሆነ አወቅኩት። እሷም አወቀችው መሰለኝ። የሐሙሱን ሰዓት ወደ አመሻሽ አዙሪው፣ ማቋረጥ ግን አይሆንም አለች።

በቀጣዩ ሐሙስ ኪኒኑን ለአመሻሽ አስቀምጬ፣ ከአሱር በፊት ገላውን አጠብኩት፣ ንጹሕ አንሶላ አነጠፍኩ፣ ውሃ በሳህን አቅርቤ ውዱኡን አስደረግኩት። ድቤው ተመታ። አባቴ ዓይኑን ጨፈነ፣ ጀመረ። ሁለተኛውን ስንኝ አልጨረሰም። እጁ ሲሄድ አየሁ፣ እንዳይነካው ብዬ ልይዘው ሞከርኩ፣ ነካው። ከማዶ የተቀበለው ሰው የለም፤ ሁሉም ገብቷቸዋል።

ሳምንቱ ዞሮ ሐሙስ መጣ። በስንት ነገር እንደሚያውቀው አላውቅም፣ ግን ሐሙስ መሆኑን ያውቃል። ሰዓቱን ማዞሩ ስላልረዳው ወደ ጠዋት መልሼው ነበር። አምሎዲፒኑን ዋጠ። የሽንቱን ስሰጠው ከንፈሩን ገጠመ። ያውቀዋል፤ ከብዙ ኪኒን መሐል ይለየዋል። ጠላቱ እሱ እንደሆነ ነው የሚያስበው። ኪኒኑን ካልዋጠ ደረቅ የሚሆን፣ ደረቅ ከሆነ የሚያዜም ይመስለዋል። ዶክተሯ ያለችውን ድሮም ቢሰማ አያምናትም ነበር፤ እንኳን አሁን።

ተቆጣሁ። ያለኝን ሁሉ ተናገርኩ፤ ባምባሲን፣ ካልሲውን፣ እየጀመረ እየጣለ ያባከነውን ጊዜ። ከንፈሩ አልተከፈተም። ቁጣዬ ሲያልቅ ሌላ ምንም አልቀረኝም። አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። "አባ፣ አንተም ከሄድክ እኔ ማን አለኝ?" አልኩት።

ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። ከዚያ አፉን ከፈተ። ምላሱ ላይ አስቀመጥኩለት፣ ውሃ አስጎነጨሁት፣ ዋጠው። "አብሽር" አለኝ። የዚያን ቀን ትርጉሙ አይዞሽ ነበር፤ ለእኔ ብሎ እንደዋጠው አውቃለሁ።

አሁን ግፊቱ ደህና ነው። ዶክተሯ ስትለካው ደስ ይላታል። ከአጥሩ ማዶ ሐሙስ ሐሙስ ድቤው ይመታል፣ ሌላ ሰው ያወጣል፤ አባቴ ትራሱን ተደግፎ ከንፈሩን ገጥሞ ይሰማል። ከዚያ ወዲህ አዚሞ አያውቅም። ሐሙስ አፉን የሚከፍተው ጠዋት፣ ለእኔ፣ ለኪኒኑ ነው።